አየሩ እስኪረጋ

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ የአዳማ ቆርቆሮ
የጠጣውን ማታ ይመልሰው ጀመር፣
ቋ… ቋ… እያለ፣ ወደ ሰማይ ዞሮ።

እኔ ከዚያ በታች፣
በልብስ ማስጫው ሽቦና በውኃው ሮቶ መሃል፣
ቱቦዬን አቁሜ፣ ዓይኔ ከጣራ ጣራ ሳተርንን ያስሳል።

ቱቦው ለፍሳሽ ነበር የተሠራው፤
ከግንብ ገበያ ተከራክሬ ገዝቼ፣ ውስጡን አጥቁሬ፣ ለሰማይ አዋልኩት።
መስተዋቱን ግን ከአዲስ አበባ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣
እንደ ታማሚ ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ በሚኒባስ አመጣሁት፤
ረዳቱ «ዕቃ ነው ወይስ ሰው?» ቢለኝ
የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልኩለት።

ይኸው ወጣች፤
ከሻፊ ጣራ ጫፍ፣ ቢጫ፣ ምንም የማትል መስላ።
ቀርባ ስትታይ ግን ትፈላለች፤
በሚንተከተክ ድስት ሥር እንደ ወደቀች ሳንቲም፣
አንዴ ሰፍታ፣ አንዴ ጠብባ፣ አንዴ ሁለት ሆና ተከፍላ።

ሰው ጨለማ የቸገረኝ ይመስለዋል።
መብራት በጠፋ ቁጥር «ዛሬ ቀናህ!» ይሉኛል፣ ከአጥሩ ላይ።
ጨለማ ምን ያደርግልኛል?
እሷ እንደሆነች ትታያለች፣ ከመንገዱ መብራት፣ ከሆቴሉ አምፖል በላይ።
የጎደለኝ እርጋታ ነው፤
ለአንድ አፍታ ዝም የሚል አየር፣ ከቆርቆሮው እስከ ሰማይ።

እስቲ አስቡት፤
ብርሃኗ ከአንድ ሰዓት በላይ ባዶውን ሲያቋርጥ
ጭረት እንኳ ሳይነካው፣
ቢሊዮን ኪሎ ሜትር እንደ አስፋልት ተነጥፎለት፣
የመጨረሻዋ አሥር ሜትር፣ የእኛ ግቢ ጣራ ታደናቅፈው!
ከጅቡቲ በደኅና መጥቶ
የቤቱ በር ላይ እንደሚገለበጥ ከባድ መኪና ነው።

ነፋሱስ?
ኮረብታው ላይ ቀይ ዓይናቸውን የሚያርገበግቡትን ማዞሪያዎች
ሌሊቱን ሙሉ ያሽከረክራል፤
ላፕቶፔን የሚሞላልኝ እሱ፣
ቱቦዬን የሚያንቀጠቅጠውም እሱ፤ በየትኛው ይከሰሳል?

ስለዚህ ፎቶ አላነሳም፤ ቪዲዮ እቀዳለሁ፣
ሦስት ሺህ ምስል በሁለት ደቂቃ፤
ከዚያ ቁጭ ብዬ፣ የተንሸዋረረውን፣ ያበጠውን፣ የቀለጠውን
እጥላለሁ፣ እጥላለሁ፣ ወፍ እስኪነቃ።
መቶ ቢተርፉ ነው።
እነሱን አንዱን ባንዱ ላይ እደርባለሁ።
የአከራዬ ልጅ ሲምቦ የተጣሉትን ትወስዳቸዋለች፤
ስም ታወጣላቸዋለች፦ ይቺ የተረገጠች ኳስ፣
ይቺ ሎሚ፣ ይሄ ደግሞ ጆሮ ያለው ድንች።
ከእኔ መቶ ይልቅ የእሷ ብዙ ሺህ ያስቃሉ፤ አውቃለሁ።

ትናንት ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣
ሻፊ መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ፣ ጀሪካን አንጠልጥሎ።
«ዙሐል ናት?» አለኝ፤ አያቱ እንዲያ ይሏት ነበር።
«እስቲ ልያት»፣ ጎንበስ ብሎ።
ካሜራውን ነቀልኩለት። ቅጂው ቆመ።
ጀሪካኑን ሳያስቀምጥ ዓይኑን ተከለ።
ያኔ ነው፤
ሽቦው ላይ የተረሳው ካልሲ መወዛወዙን ተወ፤
ቆርቆሮው ዝም አለ።
«ሱብሃነላህ…» አለ ሻፊ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
«ቀለበቷ ላይ ጥቁር ክር አለ… ፀጉር የመሰለ።»

ስለ ክሩ ነግሬው አላውቅም።
እኔ ራሴ፣ በሁለት ዓመት፣ ከመጽሐፍ በቀር አይቼው አላውቅም።
ገፋ አድርጌው ዓይኔን ባስጠጋ፣
ካልሲው ተወዛወዘ፣
ሳንቲሟ ተንተከተከች፣ አየሩ እንቢ አለ እንዲረጋ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሺውን አበጠርኩ። ሰማንያ ሦስት ቀሩ።
ደርቤ፣ አጥርቼ ያወጣኋትን
ሲምቦ አየቻት፤ «ድንች» አለች፣ ባጭሩ።
እውነቷን ነው።
ክሩ እኔ ጋ የለም።
ሻፊ በዓይኑ ይዞት ወጥቷል፤
ይሄኔ አዋሽን አልፏል።