ሰባቱ የጠፉት

አራት ሺህ ሦስት መቶ ጥናት አበጠርን፣ እኔና ኡርማስ፣
ታርቱ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ጥቅምት ገብቶ ቀኑ ሲያንስ።
እሱ በክፍሉ፣ እኔ በክፍሌ፣
ፍርዱ ፍርዴን እንዳይስበው፣ ቃሉም እንዳይጋባ ከቃሌ።
ገለባው ከሰፌዱ በነነ፤ ፍሬው ቀረ፣ አሥራ ዘጠኝ፤
ከነሱም አንዱን ዕጣው በማለዳ ለኔ ሰጠኝ።

ያንገት ዕጢያቸው የሰነፈ ሰማንያ አራት ሴቶች፣
ገሚሱ ከከተማ፣ ገሚሱ ባሕር ካቀፋቸው ደሴቶች፤
ለከፊሉ አንድ ሆርሞን፣ ለከፊሉ ሁለት፣
ማን የትኛውን እንደዋጠ ሐኪሙም፣ ሴቶቹም ሳያውቁት።
ደም በየወሩ ተቀዳ። ቁጥሩ ወረደ፣ ሰከነ፤
ማጠቃለያው «ልዩነት የለም» አለ፤ ነገሩም በዚያው ተከደነ።

ግን ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣
«ሰባቱ ለክትትል ጠፉ፤ ምክንያቱ አይታወቅም» ይላል።

ጠፉ።
እንደ መርፌ ነው? ከበረት እንደወጣ?
ወይስ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በሩን የሚያንኳኳ እንዳጣ?

ከሰባቱ አንዷን አውቃታለሁ።
ጣቷ ሲደነዝዝ የካፖርቷን ቁልፍ ቆልፌላታለሁ።
ሄልዩ ነው ስሟ፤ ሂዩማ ደሴት፣ ወደቡ አጠገብ ነው ቤቷ፤
እናቴ ናት።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር ሲሻክር አንደበቷ።
በበጋ የመዝሙር በዓል ከፊተኛው ረድፍ ቆማ የምትመራ፣
ያን ዓመት ግን «ልጄ፣ አንቺ ሂጂ» አለች፣ ስሟ ሲጠራ።
ቅንድቧ ሳስቶ፣ ፊቷ አባብጦ፣ ድምፅዋ እንደ ዛገ መጋዝ፣
በሰኔ ካፖርት ደርባ፣ ከምድጃው ጥግ ስትፈዝ።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፤ ላሟም በዚያው ሰሞን ነጠፈች፤
ላሟን ሸጣ፣ የመርከቡን ዋጋ ይዛ፣ ለጥናቱ ተመዘገበች።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሳህን ስታጥብ ማታ፣
አንዲት ዜማ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ከታሰረችበት ተፈትታ።
ከበሩ ኋላ ቆምኩኝ፤
ከገባሁ ታቆም ይሆናል ብዬ እስትንፋሴን ያዝኩኝ።

ከዚያ መጋቢት። በረዶው ለመኪና ሳስቷል፣ ለመርከብ ወፍሯል፤
ባሕሩ መንገድም ውሃም ላለመሆን ወስኖ አድሯል።
ቀጠሮዋ ሐሙስ ነበር። ስልኳን ያነሣ ግን የለም፤
«ሐኪሙ ባሕሩን ያያል» አለች። ሐኪሙ ባሕር አያይም።
ክኒኑ በፋሲካ አለቀ።
የመንደሩ ሐኪም የተለመደውን ሰጣት፤ ቁጥሯ ዳነ፤
ዜማው እንደራቀ።

አሁን ምን ልጻፍ? ሚዛኔ እናት አያውቅም፤ ማወቅም የለበት።
ልጅ ለእናቷ ብትመሰክር፣ ማን ያምናል፣ በየት ፍርድ ቤት?
ክኒኑ ይሁን፣ ቀኑ መርዘሙ፣ ያዘፈናት፣ እኔ አላውቅም፤
«ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ቢሉም፣ ተረት ማስረጃ አይሆንም።

ለኡርማስ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፤
«ሊቪካ፣ ከዚህኛው እጅሽን አውጪ» አለ፤ ሕጉም ይህን ፈለገ።
ሌላ ሰው ተጠራ፣ ከታሊን፤ ረጋ ብሎ አነበበ፤
«የጎደለ መረጃ አለ፤ ሚዛኑን ሊያጋድል ይችላል» ብሎ ከተበ።
ልክ ነው። አንዲት ነቁጥ አልጨምርበትም።

የኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ከመጨረሻው ገጽ፦
«የሚመጡ ጥናቶች ሴቶቹን ይጠይቁ፣ ከደም ቁጥር ሌላ፣ ስለ ድምፅ።»

ማታ ወደ ሂዩማ ደወልኩ፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲነሣ፣
በዚያው በሻከረ ድምፅ፦
«ሊቪካ! ምነው ጠፋሽሳ?»