የተረፈ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ወረቀት ደረሰኝ፤
አንዱ ከትምህርት ቢሮ፣ የማኅተሙ ቀለም ገና ያልደረቀ፣
አንዱ በወንድሜ የደረት ኪስ ውስጥ፣
ከጦር ሰፈር እስከ ሐዋሳ መናኸሪያ
አራት ታጥፎ የመጣ፣ በላብ የወየበ።

የቢሮው እንዲህ ይላል፦
«ከዚህ ወሰነ ትምህርት ጀምሮ
ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀርቷል።
በምትኩ ቦሎቄ፣ የስንዴ ቅንጬ፣ ጎመን፣ ካሮት፤
ጨዉ አዮዲን ያለበት፣ ዘይቱ የተለካ፤
ለአንድ ልጅ አንድ ጭልፋ፣ ያልጎደለ፣ ያልፈሰሰ።»

ደስ አለኝ። አልዋሽም።
ስንት ዓመት አይቻለሁ፣ ከታቦር ግርጌ የሚመጡት
በባዶ ሆድ ተሰልፈው ሲዘምሩ፣
ከመዝሙሩ መሃል አንዷ እንደ ጨርቅ እጥፍ ስትል።
መንግሥት ለአንድ ቀን ጎንበስ ብሎ
የልጅ አፍ ውስጥ አየ፤ «ምን በላህ?» አለ።
ይህን የጻፈ እጅ ይባረክ ብዬ
ከዳቦው በተረፈ ሊጥ ለጠፍኩት፣ ከጭስ ከልዬ።

የላንቃሞን ግን የት ልስቀለው?
ሁለት መስመር ነው።
«ዐሥር አለቃ ላንቃሞ ሻሎ
ለሠራዊቱ ጠባይ የማይመች ሆኖ ስለተገኘ ተሰናብቷል።»
ምኑ እንዳልተመቸ አይልም።
ዘጠኝ ዓመት ያደረበትን ምሽግ አይልም፣
ቁስለኛ አዝሎ የወረደበትን ገደል አይልም፣
ባቱ ውስጥ የቀረችውን ፍንጣሪ አይልም።

አልጠየቅኩትም።
ከልጅነቱ አውቃለሁ፤
አሞራ ገደል ዓሣ ስንበልት
እኩዮቹ ስለ ሴት ሲያወሩ እሱ ሚዛኑን ሲያይ።
በየደብዳቤው አንድ ስም ይመላለስ ነበር፣
ጓዴ እንዲህ አለ፣ ጓዴ እንዲህ ሳቀ፤
ከዚያ ስሙ ቀረ፣ ደብዳቤውም አጠረ።
ለእንዲህ ያለው ሰው
በእናታችንም ቋንቋ፣ በዚህ በምጽፍበትም
የሚሰድብ ቃል ሞልቷል፤ የሚጠራ ግን የለም።
እኔም አፌን ያዝኩ፣ እሱም አልደገመም።
ዝምታዬ ፍቅር ይሁን ፍርሃት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጎረቤት መጣ። «ፈቃድ ነው?» አለ። «ፈቃድ ነው» አልን።
በሳምንቱ መጣ። «ረዘመ» አለ።
በሦስተኛው አልመጣም፤ ዓይኑ ብቻ መጣ፣ በአጥር ቀዳዳ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ዐሥር ሰዓት፣ ተነሥቶ ተከተለኝ።
ና አላልኩትም።
ሽንኩርቱን ሳያለቅስ ላጠ፤
ካሮቱን እኩል እኩል ቆርጦ እንደ ጥይት ደረደረ፣
ዐየውና መልሶ በተነው።

ሶፎንያስ፣ የሁለተኛ «ለ»ው፣ ሳህኑን ዘርግቶ
ቀበቶውን ዐየበት፦
«ጋሼ፣ ወታደር ነህ?»
«ነበርኩ።»
«ለምን ተውከው?»
ጭልፋው አየር ላይ ቆመ።
የቦሎቄው እንፋሎት ፊቱን ሸፈነለት።
«አንተ ብላ» አለ፣ «ካሮቱን እየለቀምክ አታውጣ።»

ከዚያ ወዲህ ካሮት የሚያወጣ ልጅ አነሰ።

በወሩ መጨረሻ የምሞላው ቅጽ አለ።
የበሉ፦ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ረዳት፦ ባዶ ተውኩት፤ ስሙን ብጽፍ ማን እንደሚያነበው አላውቅም።
የተረፈ፦
ሁልጊዜ «የለም» ነበር የምለው።
ድስቱ ተጠርጎ ያልቃል፤
አጥሩ ላይ የሚሰለፉት አባ ኮዳዎች እንኳ
በከንቱ ነው የሚጠብቁን።
በዚህኛው ወር እስክሪብቶዬ እምቢ አለኝ።
«አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ከቢሮ ተደወለ። ጨዋ ድምፅ ነው፣ ወጣት።
«እታለም፣ አንድ ምን? ኪሎ ነው? ሳህን? ጭልፋ?»
በመስኮት ዐየሁት፤ አጎንብሶ ብረት ድስቱን ያጥባል፣
ማጅራቱ ላይ ፀሐይ አርፋበታለች።
«አንድ ነው» አልኩ፣ «እንዲሁ ይመዝገብልኝ።»