የተሰጣ ልብስ

ከሜዳው ተነጥሎ፣ ከኦሽ ከተማ መሃል፣
አለት ብቻ የሆነ ተራራ፣ «የሰለሞን ዙፋን» ይባላል።
ንጉሡ መቼ እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደወጣ፣
የጠየቀ የለም እንጂ፣ መልሱማ ስንት በመጣ!

ዓርብ ዓርብ ሳልታናት ደረጃውን ትወጣለች፤
በየአሥሩ ቆም እያለች ጉልበቷን ትወቅሳለች፤
«አንተ ሰነፍ! በሰባዬ ልታዋርደኝ?» ትላለች።
ኑርዳውሌት የልጅ ልጇ፣ ዳቦና ሐብሐብ አዝሎ፣
እፊቷ እፊቷ ይሮጣል፣ ደግሞ ይመለሳል ቶሎ።

ከዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ድንጋይ ተጋድሟል፣
የስንት ሴት ቀሚስ ሞርዶት እንደ መስተዋት ለስልሷል።
ወገቧን የሚያማት ሁሉ፣ ልጅ የዘገየባት ሁሉ፣
አንዴ ከተንሸራተተች ይቀልላታል ይላሉ።

ሳልታናት ካርቶን ዘረጋች፤
ቀሚሷን በጉልበቷ ያዘች፤
ቢስሚላሂ አለች፤
ሄደች።
ሻሿ ከላይ ቀረ፣ ሳቋ ከታች መጣ።
ወገቧስ ዳነ ወይ? እኔ እንጃ፤ ብቻ ላቧ እስኪወጣ
የልጆቹን ተራ ቀምታ ደጋገመችው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ፣ ኦሽ ከእግራችን ሥር ተነጥፏል፤
ሦስት ሺህ ዓመቱ ነው አሉ፤ ማን ቆጥሮት? ብቻ ቆይቷል።
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሚናሬት፣ የወይን ዳስ በየግቢው፣
በገበያው ጎን የሚጋልብ ወተት መሳይ ወንዝ አለው።
አንድ ጎብኚ ካሜራውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ፤
አስጎብኚው ስለ ግመል፣ ስለ ሐር፣ ከወረቀት ሲያነብብ፤
ሳልታናት ግን ዓይኗን አጥብባ የምትፈልገው ሌላ ነው፤
«ያውልህ ጣሪያችን! ከመስጊዱ ኋላ፣ ያ ሰማያዊው!»

ከጣሪያው ሥር አንድ ገመድ፣ ከገመዱ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ፤
ከዚያ ወዲያ፣ ከበረዷማው ተራራ በኩል፣
ግራጫ ዝናብ እየገሰገሰ፣ ሊደርስ።

ስልኳን ከደረቷ አወጣች፤ «ሆስኒያት! አንቺ ሆስኒያት!
ልብሴን! ልብሴን አስገቢልኝ፣ ዝናብ እየመጣ ነው በፍጥነት!»
«ኧረ ሰማዩ ጥርት ብሏል!»
«ላንቺ ነዋ! እዚህ ሆነሽ ብታዪው!»

ትንሽ ቆይቶ፣ ጉንዳን የምታህል ሴት ከበር ብቅ አለች፤
ቀዩ ነጥብ ከገመዱ ጠፋ፤ ሳልታናት አጨበጨበች፤
ኑርዳውሌት አጨበጨበ፤
ጎብኚውም፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው።

ንጉሡ እዚህ የወጣ እንደሆን፣ ግዛቱን ሊያይ ነው ይባላል፤
እኔ ግን ያን ቀን ጠረጠርኩት፦ ያሰጣው ልብስ ሳይኖረው ይቀራል?

ሐብሐቡን ቆረስን።
ግማሹን በልተን ሳንጨርስ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ
ፍሬው ላይ አረፈች።