አሥራ አንደኛው ብልቃጥ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የገበያ ዕለት፣
ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ ይመጣል ኦቲያ፣ ወደኔ መድኃኒት ቤት።
ጫማውን ያወልቃል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፤
የደም ግፊቱን ለክቼ ቁጥሩን ስነግረው፣ "ይሁን" ብሎ ይወጣል።
አንድም ኪኒን ገዝቶ አያውቅም እስከ ዛሬ፤
"ሚስቴ ታውቀዋለች፣ ሥሩንም ከቅጠል፣ አበባም ከፍሬ።"

ማቅቫላ ነው ስሟ፤ ጥቁር እንጆሪ ነው ሲፈታ ትርጉሙ፤
እጇም እንደ ስሟ ነበር፣ ጭረት የማያጣው፣ የማይለቅ ቀለሙ።
ባለፈው መኸር ላይ፣ ቀጋው ሲቀላ፣
ልቧ ቀጥ አለ፣ ከነቅርጫቷ፣ ከአጥሩ በኋላ።
ለዚያ መድኃኒት የለም፤ እኔም አልነበረኝ፣
እሷም አልነበራት። ቀብሯ ላይ ቆሜ ይህ ነው የቆረቆረኝ።

የብርዱን ወራት አልመጣም። በረዶው ሲሰበር፣
ሚዛኔ ላይ ቢወጣ፣ ስምንት ኪሎ ጎድሎ፣ ኮት ብቻ ነበር።
"ምንድነው የምትበላው?" "ዳቦ።" "ሌላስ?" "ዳቦ።"
ከዚያም አንድ ብልቃጥ ከኪሱ አወጣ፣ ሞቆ፣ በሻርፕ ተከብቦ።

"አሥራ አንድ ብልቃጥ ነው መደርደሪያው ላይ ያለው፤
አሥሩ ላይ ጽፋለች፣ በእርሳስ፣ በትልቁ፣ ዓይኔ እንደሚችለው።
ጦስኝ፦ ለሳል ነው፣ ከማር ጋር፣ በማታ፤
ቀጠጢና፦ ደረት ሲታፈን፣ አበባው ብቻ፤
በጨርቅ ይጣራ፣ ጠጕሩ ጉሮሮ እንዳይመታ፤
ናና፦ ለሆድ ቁርጠት፤ ጎርጠብ፦ ለቁስል፤
የቀጋ ፍሬ፦ ለጉንፋን፣ ይዘፍዘፍ፣ አይቀቀል፤
አሪቲ፦ ትንሽ ብቻ። 'ትንሽ' የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤
አንዴ አብዝቼ ጠጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ጣሪያው ዞሮብኛል።
ይኸኛው ግን፣ ልጄ፣ በሽታም አልጻፈች፣ መጠን አልነገረች፤
'ለኦቲያ' ብቻ። ምኔን እንዳመመኝ ምን ታውቅ ነበረች?
ሌሊት እየነቃሁ ጉበቴን ዳበስኩት፣
ኩላሊቴን ሰማሁ፣ ልቤን ቆጠርኩት፤
ሕመም ተደብቆብኝ፣ ሐኪም ነግሯት ይሆን፣ እሷ ብቻ አውቃ?
አልቀመስኩትም፤ እፈራለሁ። ደግሞም ትንሽ ነው፤ ያልቅብኛል በቃ።"

ብልቃጡን ተቀበልኩ። ከኋላዬ በረድፍ፣ በቀለም፣ በቁጥር፣
ቀን የታተመበት፣ ማለቂያው የታወቀ ስንት ዓይነት ነበር!
ክዳኑን ከፈትኩት፤ አሸተትኩት፤ አሸተትኩ ደግሜ፤
አብሽ። ድንብላል። የደረቀ ነጭ ሽንኩርት። ሳቄ መጣብኝ፣ ቆሜ።
"ኦቲያ" አልኩት፣ "ይኼ መድኃኒት አይደለም፤
የወጥ ቅመም ነው። ሌላ ምስጢር የለም።"

ዝም አለ። የሚመለስበት አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋና አለፈ።
"እኔ ወጥ ሠርቼ አላውቅም" አለ፣ ቆቡን እያጠፈ።
አርባ አራት ዓመት ሙሉ፣ ገበታ ሲቀርብለት፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣
ይህን ቀን አይታው ኖሯል፤ ከታ አስቀመጠችው በዚህች ብልቃጥ።

በሳምንቱ መጣ፤ እጁ አብጦ፣ ቀልቶ። "ሳማ ነው" አለኝ፤
"እሷ ያለ ጓንት ነበር የምትለቅመው፤ እኔን ግን ለበለበኝ።"
ቅባት ላወጣለት ስል፣ "ተይው" አለ፣ "ጎርጠብ አሽቼበታለሁ፤
ይልቅ ይህን ቅመሽ፤ ብቻዬን ከበላሁ እንዴት አውቃለሁ?"

ሳህን ነው፣ በፎጣ ተሸፍኖ፤ ሳማው ተቀቅሎ፣ ተደቁሶ፣
ከዋልነት ጋር ተለውሶ፣
ከላዩ ቅመሟ።
በሽሮፕ መለኪያ ማንኪያ ቀመስኩለት፤ ሌላ ማንኪያ የለኝ፤
ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው፤ መዋሸት አቃተኝ።

"ጨው የለውም" አልኩት።
"ጨው?" አለ። "ጨው" አልኩት።

አሰበ። ብልቃጡን ከኪሱ አወጣ፤
እስክሪብቶዬን ለመነኝ፣ መጠን የምጽፍበትን፣ ከጆሮዬ የማይታጣ፤
ከእርሳሷ ፊደል ሥር፣ "ለኦቲያ" ከሚለው፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣
"ጨው አትርሳ" ብሎ ጻፈ፤
ከዚያ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ከነጫማው፣ ኮቱን ለብሶ።