ከጭራው ሥር

ሙትራህ፣ ከዓሣው ተራ ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ቢቢ ሸምሳ አለች፤ ጣቷ ነው የሚያይ።
ሐሙስ ከአስር ሰላት ወዲያ ሣጥኑን እከፍታለሁ፣
የሟች ባሏን ሳንቲም አንድ በአንድ እወለውላለሁ።
ለመታሰቢያ ነው የተመታ ሁሉም፤
ዳቦ ገዝቶ አያውቅም፣ ላብ አልነካውም።

«ሥዕሉን ተይው» ትላለች፣ «ጭልፊትማ የሌለው ማን ነው?
ሉባባ፣ አገር ትንሽ ነው፤
ከክንፍ ሥር፣ ከጠርዝ ዳር ፈልጊ፣
ወደ መስኮት ተጠጊ።»

ዛሬ ግን አንዱ ዓሣ አስቸገረኝ፤
ከጭራው ሥር ሰሊጥ የምታህል ጭረት አሳየኝ፣
ማኅተም ትሁን፣ ጥፍር የተዋት፣ እንጃ።
«አገር ያጣውን» አለች፣ «ታችኛው እርከን አስቀምጪው እንጂ።»

እርከኑ ባዶ አልነበረም።
አንድ ጠገራ ብር፣ የሴትዮዋ ጉንጭ አልቆ፣
በቅሎ የገዛ፣ ጥሎሽ የከፈለ፣ በስንት ጓዳ ተደብቆ።

«የኛ ቅርሽ» አለች፣ ገና በጣቷ ስትነካት።
«የኛ ጠገራ» አልኩ፤ ደመወዝ ከፋዬን ተከራከርኳት።

ሴትዮዋ ግን ማንኛችንንም አታውቅ፤
ዓሣውን ጎኗ አስተኛሁት፣ አገሩ እስኪታወቅ።