ሁለት እጅ

አዘዞ አዳራሽ ውስጥ፥ ከኋላ ወንበር ላይ፥
የእህቴ ልጅ ጎትቶኝ፥ "ጋሼ፥ አንዴ እይ፤"
እንግዳው ሰባኪ ዘርግቶ ሸራውን፥
በቀይ ቀለም ሥሎ የዘመን ካርታውን፥
በዘንግ እየነካ፥ "ይቺ ናት በለሷ፥
ቅጠሏ ለምልሟል፥ ደርሷል ፍጻሜዋ፤
የእግዜር ሰዓት ማለት እስራኤል ነው፥ ያው፥
ከየአገሩ ገብቷል፥ ሞልቷል ጎተራው።
ሰባት ዓመት መከራ። ጦርነት። ከዚያ ወዲያ፥
ከሦስት ሁለት እጁ ይጠፋል።"
                                        "ሃሌ ሉያ!"
"የቀረው አንድ እጅ በእሳት ይነጥራል፥
የወጋውን አይቶ፥ አልቅሶ ያምናል።"
"ሃሌ ሉያ" አሉ። የእህቴ ልጅም አለ።
የኔ ጆሮ ግን "እጅ" ላይ ተንጠለጠለ።

ሁለት እጅ አውቃለሁ።
ወለቃ፥ ከመንገዱ ግራ፥ ከወንዙ ዳር፥
ወናፍ በሚያስተነፍሳት ጎጆ ሥር፥
ቢምረው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር።
የግራው አውራ ጣት ጥፍር አልነበረው፤
የአባቴን ማረሻ በድምፁ ነው የሚለየው፤
ብረቱን መታ አድርጎ "ደክሟል" ይል ነበረ፥
ስለ ሰው እንደሚያወራ፥ አንገቱን እየሰበረ።
ቅዳሜ እሳት የለም፤ ዓርብ ማታ ይጠፋል፤
የመጣ ገበሬ እስከ እሑድ ይጠብቃል።
አባቴ እህል ሰፍሮ ከደጁ ያኖራል፥
እሱም ማረሻውን ከደጁ ያኖራል፤
እጅ ለእጅ መቀባበል አልነበረም ያኔ፤
እሱ ስለ ሕጉ፥ ስለ ፍርሃቴ እኔ።
ቀን "ባለ እጅ" ያልነውን፥ ማታ ከብት ሲሞት፥
የልጅ ሆድ ሲቆርጥ፥ ስም ለወጥንበት፤
"ጅብ ሆኖ ይዞራል" ብላ እናቴ ማለች፤
በነጋው ከሚስቱ እንስራ ገዛች።

በሰባ ስድስት፥ ሰኔ ሊገባ ሰሞን፥
በሌሊት ወጡ አሉን፥ ትተው ወናፉን፤
በሱዳን መንገድ፥ አስረስ፥ ጠጅቱ፥ እናኑ፥
ሦስት ልጆች ይዘው፥ ሁለት ሆነው ዳኑ።
እናኑን አሸዋ አስቀራት። አራት ዓመቷ ነበር።
ማንም በቀይ ቀለም አልጻፈው፥ ያንን ቁጥር።
ከሦስት አንድ እጅ
ያኔ ተከፍሏል እንጂ።

መጻሕፍት ቤት ነበርኩ፥ ሳልጨርስ ብወጣም፤
የኔታ ሲተረጉሙ አንዱ ላይ አይቆሙም፦
እስራኤል ያዕቆብ ነው፤
አንድም፥ ነገዱ ነው፤
አንድም፥ ምእመናን፥ የተጠመቅነው።
ከጉባኤው እስከ ወለቃ ሰዓት አይሞላም በእግር፤
አንድም ቀን "አንድም፥ ጎረቤት ነው" ሲባል አልሰማሁም ነበር።
ታቦቱን፥ ዳዊቱን፥ ጽዮንን ወረስን፤
የያዕቆብን ልጅ ግን ከርስት አፈለስን።
እኛ ጅብ አደረግነው፤ ይሄኛው ደግሞ ሰዓት፤
ሰው የሚያደርገው ማን ነው፥ ከነጥፍሩ ጉድለት?

ባለፈው የካቲት ስልኬ አቃጨለ።
ቁጥሬን ማን እንደሰጠው እንጃ። ድምፁ ሰልሏል።
"ማረሻው አለ ወይ?"
"አለ።"
"ደክሟል?"
"ደክሟል።"
ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው።
ጠጅቱ ሐኪም ቤት ነች፥ በሽተኛ ታጥባለች፤
አስረስ ሦስት ወልዷል፤ ሦስተኛዋ
እናኑ ተብላለች።

ከጉባኤው ስንወጣ፥ ባጃጁ እስኪሞላ፥
የእህቴን ልጅ ያዝኩት፥ ከሰው ወደ ኋላ።
"የአስረስ ልጆች ሦስት ናቸው" አልኩት፥ "ቁጠር፤
ሁለቱን ምረጥና እልል በል፤ ጀምር።"
ዝም አለ። ቆየና፥ "ቃሉ እኮ ነው፥ ጋሼ።"
እውነቱን ነው። ቃሉ ነው። አልካድኩም፥ ቆሜ፥ ነግቼ፥ መሽቼ።
ነቢዩ ግን ሲጽፈው
እልል ያለ አይመስለኝም።

ማታ ማረሻውን ከጣራ ሥር አወረድኩት፤
ዝጎ እንደ ደረቀ ደም፥ በጨርቅ ወለወልኩት።
መዶሻው ያረፈበት እዚህም እዚያም ጎድጉዷል፤
ጣቴን ባስገባበት
የማላውቀው ሙቀት አለው፥ ወይ መስሎኛል።
ከእሱ እጅ ስነካ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።
ጸሎት አላውቅም ብዙ። እንዲሁ፥ ጨለማ ውስጥ፥
የካርታው ጌታ ሳይሆን የላይኛው
ቁጥሩን ሲቆጥረው፥
ሁለት እጅ አልኩ። ሁለት እጅ፤
አንዱ አውራ ጣት ጥፍር የለው፤
ምናልባት፥ እኛን ትቶ እንኳ፥
ቢምረው።