ቀስ ብለሽ ሳቢው

የዋልዴማር ፔጆ፣ አራት መቶ ሦስት፣
ከጋብቻችን በፊት የገባች ከቤት፣
ግራጫ ነው ቀለሟ፣ ቀይ ቆዳ ወንበሯ፣
እንደ ሳጥን ክዳን «ጓ» ብሎ የሚዘጋ በሯ፤
ባዕድ ብሎን አታውቅም፤ እንኳን ሌላ ነገር
የሲጋራ መተርኮሻዋ የፈረንሳይ ነበር።

ቀበቶ የላትም። ስትሠራ ጊዜው እንዲያ ነበር።
የኔ ቀበቶ ክንዱ ነው።
ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀኝ እጁ መሪውን ይለቃል፣
ደረቴ ላይ እንደ መቀርቀሪያ ይጋደማል፤
ለውሻ፣ ብርቱካን ለጫነ ካሚዮን፣ ለቀይ መብራት፣
አንዴም፣ አስታውሳለሁ፣ ነፋስ ላዞረው የወረቀት ከረጢት።
ጡቴን አሳመምከኝ ስለው «ከመስተዋት ይሻላል» ይላል።
አርባ አንድ ዓመት፣ በሳልቶ ጎዳና፣ እንዲህ ተነታርከናል።

በክረምቱ መግቢያ ልጃችን ሶሌዳድ
ብሩኖን እንዳቀፈች፣ ሳትወጣ ከመንገድ፣
«አባዬ» አለችው፣ «ቀበቶ ሳይኖራት
ልጄ አይገባባትም፣ ሺህ ጊዜ ብትምልላት።»
ዋልዴማር አልመለሰም፤ ጨርቁን አነሳና
የወለወለውን መስተዋት ወለወለው እንደገና።

ሁለት ሳምንት ዝም። ለኔም፣ ለሷም፣ ለሬዲዮኑም።
ከዚያ ማክሰኞ ማታ ካርቶን ይዞ መጣ፣
ሁለት ጥቅል ጥቁር ጥብጣብ ከውስጡ አወጣ።
«ራሱ የሚጠቀለል ነው» አለኝ፣ እንደ ተረታ ሰው፣
«ትከሻ የሚይዘው።»
ከሞንቴቪዴዮ ነው ያስመጣው። ዋጋውን አልጠየቅሁም፤ ፊቱ ላይ ነበረ።

በበሮቿ መሃል ያለው ምሰሶ ውስጡ ባዶ ነው፤
ላሜራ ነው ከላይ፣ አየር ነው የሞላው።
«ይህ የሰው ክብደት አይችልም» አለና ተንበርክኮ
ወፍራም ብረት ቆረጠ ለድጋፍ፣ ሦስቴ ለክቶ።
እኔ ባትሪ ይዣለሁ።
ትራፓኖውን ደግኖ ቆየ፣
የገዛ ልጁን ሊወጋ እንደ ቀረበ ሐኪም።
ከዚያ ጮኸ፤ ከግራጫው ሥር ብረቱ ብልጭ አለ፤
«በቃ፣ ከእንግዲህ ፋብሪካዋ እኔ ነኝ» አለ።

ብሎን። ሮንዴላ። ዳዶ።
ዳዶው ወንበር ሥር ገባ፤ በሆዳችን ተኝተን ስንፈልግ
እኔ ያገኘሁት የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ነው፣
እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ፣ በትንሽ ጥርስ የተነከሰ።
ማን እንደበላው ሁለታችንም አወቅን፤
አሁን አድጋ ከመንገድ ላይ ታዘናለች።
ኪሱ ከተተው።

ጥቅልሉ ግን አኮረፈ። ብንስበው አይመጣም።
ትንሽ ካዘነበለ ይቆልፋል፣ ቀጥ ካላለ አይለቅም፤
ውስጡ ትንሽ ኳስ አለች፣ መሬት በየት በኩል እንደሆነች የምታውቅ፣
ስታዘነብል የምትነቃ፣ ሲነጥቋት የምትጠነቀቅ።
ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሶ
ፈታ፣ አሰረ፣ ፈታ። እኩለ ሌሊት ላይ
አንዲት ሮንዴላ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ጨመረ።
«አሁን» አለኝ።
እኔም እንደ ልማዴ መነጨቅሁት። ቀጥ!
«ቀስ ብለሽ ሳቢው። ሲመነጭቁት ነው የሚቆልፈው፣
በቀስታ እሺ ይላል።»
«ይህን ጠባይ» አልኩት፣ «የት ነው የማውቀው?»
ሳቀ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ።

እሑድ በወንዙ ዳር ወጣን፣ ብሩኖ ሳይኖር፣ ለሙከራ።
ጥብጣቡ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ፣
ሐውልት ሊመርቅ እንደሚሄድ ከንቲባ፤
ወደቡ ማዞሪያ ላይ የነኦልሜዶ ውሻ ዘሎ ገባ።
ፍሬን።
ጥብጣቡ ያዘኝ፣ ጩኸቴን ሳልጀምር።
ከዚያ፣ ዘግይቶ፣ ክንዱ መጣ።
የሚይዘው አልነበረውም፤ ጥብጣቡ ላይ አረፈ፣
ወንበሩ ተይዞ እንደ ጠበቀው እንግዳ።

ውሻው ተሻገረ፣ እርምጃውን እንኳ ሳያፈጥን።
እጁን ሊያነሳ ሲል
«ተወው» አልኩት፣
ቀስ ብዬ።